እንቁራሪቶቹ ዝም ሲሉ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፤ «ጋሽ ዳንኤል፣ ጊዜውን በምን ያሳልፉታል?» በበጋ ለጠየቀኝ፣ ጓሮ እኮተኩታለሁ፣ የልጅ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አመላልሳለሁ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ መዘምራኑን ድምፅ ማጉያውን ቀንሱ እያልኩ እጨቀጭቃለሁ እላለሁ። በክረምት ለጠየቀኝ ግን እውነቱን እናገራለሁ። እፈራለሁ። አዳማ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ባለቤቴ የዘጋችውን መስኮት እኔ እከፍታለሁ፤ እሷ ዝናቡ እንዳይገባ ነው፣ እኔ ለመስማት ነው። የሚያስቀው ደግሞ አዋሽ ከእኛ ቤት አይሰማም።

ሥራዬ የአረንጓዴ ቦታዎች ንድፍ ነበር። ዘመዶቼ «አበባ ተካዩ» ይሉኛል፣ ልክ ናቸው፣ አበባም ተክያለሁ። እኛ ክፍል ውስጥ ግን ሥራው የሚጀመረው ከጆሮ ነው። ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ይሰማል? የሰማው ነገር ማንን ያስታውሰዋል? ዛፉም፣ ድንጋዩም፣ ውሃውም የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ያህል ይበቃ ስለነበር እሱን ልተወው።

ይህን ያስተማሩኝ አለቃዬ ኢንጂነር ሮማን ናቸው። ውጭ አገር የተማሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌሮች ሁሉ የሚፈሯቸው ሴት ነበሩ። አዲስ ቦታ ስንደርስ ሜትርና ካሜራ ከመኪና አይወርድም። የሚወርደው የሚታጠፈው ወንበራቸውና ጥቁር ጃንጥላቸው ብቻ ነው። መሐል ቦታው ላይ ይቀመጡና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እኛም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጠን እንጨፍናለን። ቆሎ መቆርጠም ክልክል ነው። አንድ ቀን ስቆረጥም ይዘውኝ፣ «የራስህን መንጋጋ ልትሰማ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?» አሉኝ። ከዚያ ወረቀት ያድላሉ። መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ እናደርጋለን፣ ነጥቡ እኛ ነን። የሰማነውን ሁሉ በመጣበት አቅጣጫ እንጽፋለን፤ ወፍጮው በዚህ፣ ባጃጁ በዚያ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የቆርቆሮ መንኳኳት። ይህንን የጆሮ ካርታ እንለው ነበር።

ካርታው ሲያልቅ ሰፈርተኛውን ሰብስበው ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው፣ «ድሮ የነበረ፣ ዛሬ የናፈቃችሁ ድምፅ ምንድነው?» የሚል ነው። ለዚህ ሰው በሳቅና በጨዋታ ይመልሳል። ሁለተኛው፣ «እዚህ ስትፈሩ ምን ትሰማላችሁ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ሰዉ ዝም ብሎ ይተያያል። ኢንጂነር ሮማን ደግሞ አይቸኩሉም፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እኔ በወጣትነቴ ይህ ጥያቄ ያሳፍረኝ ነበር፤ መናፈሻ ልንሠራለት የመጣን ሰው ስለ ፍርሃቱ መጠየቅ ምን ይሉታል እል ነበር።

ባቱ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር በሠራነው መናፈሻ ነው የገባኝ። እኔ የውሃውን ዳር ሙሉ ሸምበቆ እንትከልበት ብዬ ንድፍ አቅርቤ ነበር። ነፋስ ሲነካው ድምፁ ደስ ይላል፣ የጋሪውንና የባጃጁንም ጫጫታ ይሸፍናል። ኢንጂነር ሮማን የዓሣ አጥማጆቹን ሚስቶች ሰበሰቡና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቁ። ብዙ ከቆዩ በኋላ አንዷ፣ «መቅዘፊያውን» አለች። ባሎቻቸው ሲመለሱ መቅዘፊያው የጀልባውን ጠርዝ ሲመታ ከሩቅ ይሰማቸዋል። ነፋስ በተነሳ ቀን ሴቶቹ በራፍ ላይ ቆመው የሚጠብቁት ይህን ድምፅ ነው፣ ሲዘገይባቸው ነው የሚፈሩት። ኢንጂነር ሮማን ወደ እኔ ዞሩና፣ «ሸምበቆህ ለእነዚህ ሴቶች ምን ሊሆን ነበር?» አሉኝ። ንድፉን እዚያው ቀደድኩት፤ ከጀልባ ማረፊያው እስከ መንደሩ ያለውን ዳርቻ ክፍት ተውነው።

ሙያውን የተማርኩት ደግሞ መተሐራ በኩል፣ ከጅቡቲ መንገድ ዳር ባለ የሠራተኞች ሰፈር ነው። ሰዎቹ የከባድ መኪናው ድምፅ እንዲቀርላቸው ዛፍ ይፈልጋሉ። ዛፍ ድምፅ አያቆምም። የሚያቆመው ግንብ ነው፣ ወይም የአፈር ክምር። ዛፍና ውሃ የሚችሉት መሸፈን ነው፤ አንዱን ድምፅ በሌላ ድምፅ ጀርባ መደበቅ። ሸውሸዌ ለሚባለው ዛፍ ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንሾካሹክ ይውላል። ውሃ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ያጨበጭባል፣ በጠጠር ላይ ያጉረመርማል፣ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ከወደቀ ድምፁ ይወፍራል። የሚወድቅበትን ከፍታ በጣት ስፋት ለውጠህ ድምፁን ቀጭን ወይም ወፍራም ልታደርገው ትችላለህ። በዚህ ሥራ ጎበዝ ነበርኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ኢንጂነር ሮማን ጡረታ ወጥተው ቢሾፍቱ ሲገቡ ወንበራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ክፍሉንም እኔ ያዝኩት። በራሴ ኃላፊነት ከሠራኋቸው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ በወንጂ በኩል፣ አዋሽ ዳር የነበረው ነው። ነዋሪው ታችኛው ካምፕ ይለዋል። አብዛኛው ሰው ወላጆቹ ከከምባታና ከሃዲያ ለአገዳ ቆረጣ መጥተው እዚያው የቀሩ ነው። የቀድሞ ካምፓቸው አርጅቶ ሲፈርስ ወደ ወንዙ ቀረብ ብሎ አዲስ ቤት ተሠራላቸው። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ግን የድሮውን የሚያስታውሳቸው ምንም ነገር የለም። መናፈሻ ሲፈቀድላቸው የድሮው ካምፕ ማስታወሻ እንዲሆን ጠየቁ።

ሰበሰብኳቸውና የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቅሁ። ሁሉም በአንድ አፍ የመስኖውን በር አሉ። በድሮው ካምፕ መሐል የሚያልፍ ቦይ ነበር፤ አመሻሽ ላይ የብረቱ በር ሲከፈት ውሃው ወደ ታች ይወድቃል። ያ ድምፅ ሲሰማ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ልጆች ሊታጠቡ ይሮጣሉ፣ ሴቶች ልብስ ይዘው ይወጣሉ። ያን በር ዕድሜ ልካቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩት ጋሽ ሃንዲሶ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ተነሱና የውሃውን ድምፅ በአፋቸው አሰሙ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሚስታቸው እትዬ አየለች ማልቀስ ጀመሩ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። እኔም ዕንባዬ መጣ።

ሁለተኛውን ጥያቄ አልጠየቅሁም። ረስቼው አይደለም፤ ምላሴ ላይ ነበር። እንዲያ ስቀውና አልቅሰው ደስ ያላቸውን ሰዎች ምን ትፈራላችሁ ብዬ ማደፍረስ ከበደኝ። የናፈቃቸውን ካወቅሁ ይበቃል አልኩ።

ገንዳውን ጥልቅ አድርጌ አስቆፈርኩ። ውሃውን ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ እኛ ከንፈር ከምንለው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ተመልሶ ይወድቃል። ጋሽ ሃንዲሶ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ፤ እኔ ከንፈሩ ላይ ጣውላ እያስገባሁ እያወጣሁ ከፍታውን እለዋውጣለሁ። «ይወፍራል… አሁን ቀጠነ… ትንሽ መለስ አድርገው» ይላሉ። ብዙ ቀን ለፋን። አንድ ከሰዓት በኋላ ጣውላውን ሳነሳ ዝም አሉ። ቀና ብዬ ሳይ ጉንጫቸው ርሷል። «ይኸው፣ ቤቴ ገባሁ» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ገንዳው ውስጥ የውሃ ተክል ስለነበረ ብዙም ሳይቆይ እንቁራሪት ገባበት። ሰዉ ይህንንም ወደደው። «የድሮው ካምፕ እንቁራሪቶች አድራሻችንን ጠይቀው መጡ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ያልጠየቅሁት መልስ ግን እዚያው ነበር። ታችኛው ካምፕ ውስጥ ክረምት ሲገባ ከድሮው ካምፕ ይዘውት የመጡት የቆየ ልማድ አለ፤ ሲመሽ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በተራ በራፉ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። የሚያዳምጠው እንቁራሪቶቹን ነው። አዋሽ ዳር ያሉት እንቁራሪቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ ያድራሉ። ውሃው ከፍ እያለ ዳርቻውን ሲውጠው ዝም ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ድምፃቸው ከቤቶቹ ጀርባ ካለው ቦይ ይሰማል፣ ምክንያቱም ውሃው እዚያ ደርሷል። አዳማጩ ያኔ ከዛፍ ላይ የተሰቀለውን የሐዲድ ቁራጭ ይደበድብና ሰዉ ልጁን አንጠልጥሎ ወደ ከፍታው ይወጣል። እኔ በመንደሩ መሐል የሚወድቅ ውሃና የራሱ እንቁራሪቶች ያሉት ገንዳ ሠራሁላቸው።

ሥራው በተመረቀ በመጀመሪያው ክረምት፣ ሊነጋ ሲል አዋሽ ዳርቻው ላይ የተሠራውን የአፈር ግድብ አለፈ። ተራው የጋሽ ሃንዲሶ ነበር። ውሃው ደጃፋቸው ሲደርስ ነው ሐዲዱን የደበደቡት። ሌላው ሰው እየዋኘም እየተጎተተም ወጣ። እትዬ አየለች ግን በወገብ ሕመም አልጋ ላይ ነበሩ። ጋሽ ሃንዲሶ ሐዲዱ ዘንድ ደርሰው ሲመለሱ በሩ በውሃው ግፊት አልከፈት አላቸው።

ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እንዳያየኝ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጋሽ ሃንዲሶ ግን አዩኝ። ተነስተው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ እንዲጮሁብኝም ፈለግሁ። በዝግታ፣ «ሰምቼ ነበር እኮ» አሉኝ። «ውሃውንም ሰማሁ፣ እንቁራሪቶቹንም ሰማሁ። የአንተ መስሎኝ ነው።»

መሥሪያ ቤታችን ነገሩን የተፈጥሮ አደጋ ብሎ ዘጋው፣ ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን ቢሾፍቱ ደወልኩ። ኢንጂነር ሮማን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ሁለተኛውን ጠየቅህ?» አሉ። አልጠየቅሁም አልኳቸው። ሥራውን ልተው ነው፣ ወንበሩን እመልስልዎታለሁ ስላቸው፣ «አልቀበልህም። ተቀመጥበት» ብለው ስልኩን ዘጉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ፤ ወንበሩ ዛሬም እኔ ጋ ነው።

ተቀመጥኩበት። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ሁሉ በፍርሃት የተሠራ ነው። አዳማ ላይ የስፌት ፋብሪካ ሴቶች የሚያርፉበት ቦታ ስሠራ፣ ውሃ ይኑረው ሲሉኝ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ ከማሽኑ ወጥተውም ጆሯቸው ውስጥ የሚጮኸውን ጩኸት ነው የሚፈሩት፤ ሌላ ጫጫታ ሲጨመርበት ይብስባቸዋል። ጸጥ ያለ ግንብና ጥላ ብቻ ሠራሁላቸው። ባልደረቦቼ ሥራህ ደረቀ ይሉኝ ነበር። ይድረቅ አልኩ።

የታችኛው ካምፕ ፓምፕ በዚያ ጎርፍ ደለል በልቶት ቀረ። ገንዳውም ደርቆ የልጆች ኳስ መጫወቻ ሆነ። እኔም የዕድሜዬ ነገር ሆኖ ጆሮዬ ይደክም ጀመር። ሐኪሙ መረመረኝና ቀጫጭኑ ድምፅ እንደሄደ፣ እንደማይመለስም ነገረኝ። የወፍ ድምፅ ከቀረብኝ ቆይቷል። በጆሮው ሲኖር ለነበረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለባለቤቴ እንኳ ማስረዳት ያቅተኛል።

በዚህ ክረምት መግቢያ ላይ ስልኬ ጠራ። በቦታዬ የተተካችው ሲፈን ናት፣ እኔው ያስተማርኳት ጎበዝ ኢንጂነር።

«አካም ጅርቱ ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ደስ የሚል ዜና አለኝ» አለችኝ። «የታችኛውን ካምፕ ፏፏቴ ልናስነሳው ነው። አዲስ ፓምፕ ገብቷል። ምርቃቱ ላይ እርስዎ ሪባኑን ቢቆርጡልን ብለን ነው።»

ሲፈን ከእኔ ዘንድ የተማረችው ከዚያ ጎርፍ በኋላ ነው፤ ሁለቱን ጥያቄዎች አስተምሬያታለሁ፣ የታችኛውን ካምፕ ነገር ግን ማውራት ስለማልችል አልነገርኳትም፤ ጎርፍ እንደመታው ብቻ ነው የምታውቀው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በየከተማው ፏፏቴና መብራት በሚተከልበት ዘመን የደረቀ ገንዳ ያሳፍራል። ሳይመሽ እዚያ እንገናኝ አልኳትና ወንበሩን ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ፓምፑ ለሙከራ እየሠራ ነው። ያ ወፍራም ድምፅ፣ በጣውላ የለካሁት ድምፅ፣ ከነሙሉ ክብሩ ይወድቃል። ጋሽ ሃንዲሶ ከገንዳው ማዶ በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ራሳቸውን ወደ ወንዙ አዘንብለው እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገዋል። ያን ሳይ የምፈራው ነገር እንደተጀመረ ገባኝ። ለሲፈን ሁሉንም ነገር ነገርኳት፤ የእትዬ አየለችንም ጭምር።

ፊቷ ተለዋወጠ። ቢሆንም ልጅቷ ተሟጋች ናት፣ እንዲያ አድርጌ ነው ያስተማርኳት። «ጋሼ፣ የአፈር ግድቡ እኮ አሁን ከፍ ብሏል። ከላይ ካለው ትልቁ ግድብ ውሃ ሲለቀቅም በስልክ መልእክት ይመጣል።»

«ዝናቡ ሲበረታ መጀመሪያ የሚጠፋው መብራቱ ነው። ቀጥሎ ኔትወርኩ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች። «ግን ኃላፊዎቹ ፏፏቴ ብለው ነው የሚመጡት። ምን ብዬ ላስረዳቸው?»

ያረጀ ሰው ሐዘን ነው ብላ ትታኝ ብትሄድ ምን አደርጋለሁ? ሌላ የምይዘው ማስረጃ የለኝም፤ ጆሮዬ እንኳ የለኝም። ወንበሩን ዘረጋሁና ጋሽ ሃንዲሶ አጠገብ አስቀመጥኳት። «ሁለተኛውን ጠይቂያቸው» አልኳት።

ሲፈን ወንበሩን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች። ከዚያ፣ «ጋሽ ሃንዲሶ፣ እዚህ ሲፈሩ ምን ይሰማሉ?» አለች።

ሽማግሌው አላመነቱም። «ዝም ሲሉ ነው የምፈራው። ይኸ ውሃህ እየጮኸ ዝም ማለታቸውን በምን አውቃለሁ?» አሉ፣ ወደ እኔ እያዩ።

«በበጋ ብቻ ብናሠራውስ?» አለች ሲፈን። «ክረምት ሲገባ እንዘጋዋለን።»

ጋሽ ሃንዲሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ በበጋ የገባ እንቁራሪት ክረምት ሲመጣ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል?»

ሲፈን ተነሳች። ሠራተኛ አልጠራችም፤ ራሷ ሄዳ ማብሪያውን አጠፋችው። ውሃው ጥቂት ተንጠባጠበና ቆመ። እሷ ወንዙ ወዳለበት ዞራ፣ «ውይ፣ ስንት ናቸው» አለች። እኔ ምንም አልሰማሁም። ያ ሁሉ እንቁራሪት እየጮኸ ለእኔ ዓለም ባዶ ነበር። ስለዚህ የጋሽ ሃንዲሶን ፊት አየሁ። ግንባራቸው ላይ የነበረው ሽብሽብ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁ።

«አሉ?» አልኳቸው።

«አሉ» አሉኝ።

ገንዳው በአፈር ተሞልቶ እሬት ተተከለበት። በምርቃቱ ቀን ሪባኑን ጋሽ ሃንዲሶ ቆረጡ። ከኃላፊዎቹ አንዱ ውሃው የታለ ብሎ ሲጠይቅ ሲፈን እጇን ወደ አዋሽ ዘርግታ፣ «እዚያ ነው፤ ይህ መናፈሻ የተሠራው እሱን ለመስማት ነው» አለችው። ሰውየው ብዙም አልገባውም፣ ግን አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ሲመሽ እደውላለሁ። ጋሽ ሃንዲሶ ተራቸው ባይሆንም በራፋቸው ላይ ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ፣ «አሉ?» እላለሁ። ለመመለስ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ያዳምጣሉ፣ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ከዚያ «አሉ፣ ተኛ» ይሉኛል። በዚያች ቃል ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ። አመሻሽ ላይ ደወልኩና፣ «አሉ?» አልኩ። መልስ የለም። የስልኩን ገጽ አየሁ፣ አልተቋረጠም። «ጋሽ ሃንዲሶ?» አልኩ ደግሜ።

«ዝም በል እስቲ» አሉኝ። «እየሰማሁ ነው።»

ዝም አልኩ። ባለቤቴ መስኮቱን ልትዘጋ መጣችና ፊቴን አይታ ተወችው።